ጥላቻ ዳኛ ሲሆን

የእስራኤል ንጉሥ አክዓብ ሬማት ዘገለዓድን ከሶርያ ንጉሥ እጅ ለማስመለስ ባሰበ ጊዜ፣ የይሁዳን ንጉሥ ኢዮሣፍጥን አብሮት እንዲዘምት ጠየቀው። ኢዮሣፍጥም እሺ አለ፤ ነገር ግን አስቀድሞ የእግዚአብሔር ቃል እንዲጠየቅ ፈለገ። አክዓብ አራት መቶ ያህል ነቢያት ሰበሰበ፤ ሁሉም በአንድ ቃል «ውጣ» አሉት። ኢዮሣፍጥ ግን በዚህ አልረካምና ሌላ የሚጠየቅ የእግዚአብሔር ነቢይ እንዳለ ጠየቀ። አክዓብ የሰጠው መልስ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 22 ላይ ይገኛል፦ «የይምላ ልጅ ሚክያስ የሚባል አንድ ሰው አለ፤ ነገር ግን ክፉ እንጂ መልካም ትንቢት አይናገርልኝምና እጠላዋለሁ።»

ጥላቻ በሰው ማስተዋል ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መረዳት ለሚፈልግ ሰው ይህ መልስ ብዙ ይነግረዋል። አክዓብ ሚክያስን ሐሰተኛ ነው አላለውም። ቀድሞ የተናገረው ሳይፈጸም ቀርቷል ብሎም አልከሰሰውም። የጠላው የሚናገረው ነገር ስለማያስደስተው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል። ሚክያስን ሊጠራ የሄደው መልእክተኛ በመንገድ ላይ የእርሱም ቃል እንደ ሌሎቹ ነቢያት ቃል እንዲሆን መከረው። ሚክያስ በንጉሡ ፊት ቀርቦ በመጀመሪያ የሌሎቹን ቃል እንዳለ ሲደግምለት፣ በእግዚአብሔር ስም ከእውነት በቀር ሌላ እንዳይነግረው ስንት ጊዜ እንደሚያምለው በቁጣ የጠየቀው አክዓብ ራሱ ነበር። እንግዲህ ንጉሡ የሚጠላው ሰው እውነት ተናጋሪ መሆኑን አሳምሮ ያውቅ ነበር ማለት ነው። እውነቱ ሲነገረው ግን ሚክያስ በግዞት ቤት እንዲቀመጥ አዘዘና ወደ ጦርነቱ ሄደ፤ ያውም ነገሩ በልቡ ስለከበደው ልብሱን ለውጦ፣ ንጉሥነቱን ሰውሮ ገባ። አንድ ሰው እርሱ መሆኑን ሳያውቅ የወረወረው ፍላጻ በጥሩሩ መጋጠሚያ በኩል ወጋው፤ ማምሻውንም ሞተ።

ብዙዎቻችን ጥላቻ ሰውን የሚያሳስተው ዕውቀት ስለሚያሳጣው ይመስለናል። ስለዚህም ጥላቻን በመረጃ ብዛት፣ በትምህርት፣ በማስረዳት ልናጠፋው እንሞክራለን። የአክዓብ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። ጥላቻ ዕውቀትን ከሰው አእምሮ አያጠፋም፤ የሚወስደው ዕውቀት በውሳኔ ላይ ያለውን ሥልጣን ነው። አክዓብ እውነቱን ከመስማት አልተከለከለም፤ እውነቱን ፈልጎ፣ አስምሎ ሰምቶታል። የሰማውን ተከትሎ መወሰን ነው ያቃተው። ጥላቻ በተማረውም ባልተማረውም፣ መጽሐፍ በሚያነብበውም በማያነብበውም ላይ እኩል የሚሠለጥነው ስለዚህ ይመስለኛል።

ከዚህ በፊት ግን ቁጣንና ጥላቻን መለየት ያስፈልጋል። መጽሐፍ ቅዱስ ቁጣን ሁሉ በአንድ ሚዛን አይመዝንም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች «ተቆጡ ኃጢአትንም አታድርጉ፤ በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» ሲል ቁጣ የሚመጣበት ጊዜ እንዳለ አምኖ የሚቆይበትን ጊዜ ግን ይወስናል። ቁጣ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ሲስተካከል ሊበርድ ይችላል። የተበደለ ሰው ተቆጥቶ፣ ካሣ ተቀብሎ፣ ታርቆ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ጥላቻ ግን ከድርጊቱ ተነሥቶ ወደ ሰውዬው ማንነት የተሻገረ ነው። ሰውዬው ያደረገው መስተካከሉ ቀርቶ ሰውዬው መኖሩ ራሱ በደል ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው አውግስጢኖስ ለገዳም ማኅበር በጻፈው ደንብ ውስጥ ጠብ ቶሎ እንዲቋጭ ያዘዘው፣ ቁጣ ወደ ጥላቻ አድጎ ጉድፉን ምሰሶ እንዳያደርገው በሚል ምክንያት ነው። የክርስቶስን የጉድፍና የምሰሶ ምሳሌ ወስዶ እንዲህ ማገናኘቱ ትልቅ ማስተዋል ነው። በዓይናችን ውስጥ ያለው ምሰሶ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከጉድፉ ያደገ ነውና፤ መነሻው እውነተኛ በደል ሊሆን ይችላል።

ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያው መልእክቱ ስለዚህ ጉዳይ የጻፈው ከሁሉ ይበልጥ ግልጽ ነው፦ «ወንድሙን የሚጠላ ግን በጨለማ አለ በጨለማም ይመላለሳል፥ የሚሄድበትንም አያውቅም፥ ጨለማው ዓይኖቹን አሳውሮታልና።» በዚህ ቃል ውስጥ የሚጠላው ሰው ቆሞ አልቀረም። ይመላለሳል፤ ይሄዳል፤ ሥራውን ይሠራል። የጎደለው የሚሄድበትን ማወቅ ነው። ጨለማ ውስጥ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግድግዳውን ይዳብሳል፣ ሌላውን ይጠይቃል፣ ቀስ ይላል። የጠላ ሰው ግን የሚያይ ይመስለዋልና አይጠይቅም፤ እንዲያውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ ነገሩ ግልጥልጥ ብሎ የታየው ያኔ ይመስለዋል። ጥርጣሬ ሁሉ ይለቀዋል። ስለ ወዳጆቹ ሲናገር «ምናልባት»፣ «እንጃ»፣ «ጉዳዩን በደንብ አላውቀውም» የሚል ሰው፣ ስለሚጠላው ሰው ሲናገር ግን ልብ ውስጥ የታሰበውን እንኳ ሳይቀር የሚያውቅ ይሆናል።

ጥላቻ ይህን የሚያደርግበት አንደኛው መንገድ ማንኛውንም ማስረጃ፣ ተቃራኒውንም ጭምር፣ ለአንድ መደምደሚያ ማዋል ነው። ክርስቶስ ይህን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 11 ላይ በጥቂት ቃል አሳይቶታል። መጥምቁ ዮሐንስ ሳይበላና ሳይጠጣ ቢመጣ ጋኔን አለበት አሉት፤ የሰው ልጅ እየበላና እየጠጣ ቢመጣ ደግሞ በላተኛና የወይን ጠጅ ጠጪ አሉት። ጾመኛውም በላተኛውም እኩል ጥፋተኛ ከሆኑ፣ ምግቡ ከመጀመሪያውም ጉዳይ አልነበረም ማለት ነው። እዚህ ላይ ማንም ሰው በራሱ ላይ ሊሞክረው የሚችለው መመርመሪያ አለ፤ ይህ የማልወደው ሰው ምን ቢያደርግ ነው ስለ እርሱ ያለኝ ግምት የሚለወጠው? ምንም ቢያደርግ የማይለወጥ ከሆነ፣ ግምቱ የተመሠረተው እርሱ ባደረገው ነገር ላይ አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ የተናገረውን ነገር ትቶ የተናጋሪውን ወገን መጠየቅ ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ላይ የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ኢየሱስን ለማስያዝ የላኳቸው ሎሌዎች ባዶ እጃቸውን በተመለሱ ጊዜ፣ ከመካከላቸው አንዱ የሆነው ኒቆዲሞስ አንድ የሕግ ጥያቄ ያነሣል፦ «ሕጋችን አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ ምን እንዳደረገም ሳያውቅ በሰው ይፈርዳልን?» ጥያቄው ኢየሱስን መደገፍ አልነበረም። ለማንኛውም ተከሳሽ የሚነሣ፣ እነርሱም ሲያስተምሩት የኖሩት ሥርዓት ነው። መልሱ «አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?» የሚል ሆነ። ቀጥለውም ከገሊላ ነቢይ እንደማይነሣ መርምሮ እንዲያይ ነገሩት። እነዚህ ሰዎች መጻሕፍትን በቃላቸው የሚያውቁ ሊቃውንት ነበሩ። ነቢዩ ዮናስ የጋትሔፌር ሰው መሆኑ በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 14 ላይ ተጽፏል፤ ጋትሔፌርም በዛብሎን ርስት ውስጥ ያለች የገሊላ አገር ናት። ሌላውን «መርምር» ያሉ መርማሪዎች ራሳቸው የሚያውቁትን መጽሐፍ በዚያች ሰዓት ረሱት።

«አንተም ከገሊላ ነህን?» የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘመንና በእኛ ቋንቋ ስንት ዓይነት መልክ እንዳለው ለአንባቢ መዘርዘር አያስፈልገኝም። አንድ ሰው ስለ አንድ ግድያ፣ ስለ አንድ እስር፣ ስለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ውዝግብ «ይህ ነገር ተጣርቷል ወይ?» ብሎ ሲጽፍ፣ ከሥሩ የሚከተሉት መልሶች ስለ መጣራቱ አይናገሩም፤ ስሙን አይተው፣ የትውልድ ቦታውን ገምተው፣ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይነግሩታል። ጥያቄው ሳይመለስ ይቀራል። ጠያቂው ግን ሁለተኛ አይጠይቅም፤ ከእርሱ ጋር ያሰቡ ሌሎችም ዝም ይላሉ። አራት መቶ ነቢያት በአንድ ቃል የሚናገሩበት ጉባኤ የሚፈጠረው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ዝምታ ነው።

ነገሩን በደንብ ለማየት ከመጽሐፍ ቅዱስ ወጥተን ብዙ ሰነዱ ተጠብቆ የቆየ አንድ የፍርድ ታሪክ እንመልከት። በ1894 እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር የፈረንሳይ የጦር ስለላ ክፍል በፓሪስ ከሚገኘው የጀርመን ኤምባሲ የተገኘ አንድ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ደረሰው። ወረቀቱ የፈረንሳይ ጦር ምሥጢሮችን ለጀርመን ለመስጠት የቀረበ ዝርዝር ነበር። ጥርጣሬው በጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ መሥሪያ ቤት ይሠለጥን በነበረ አልፍሬድ ድሬይፉስ በተባለ የመድፈኛ ሻምበል ላይ ወደቀ። ድሬይፉስ አይሁዳዊ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ በአይሁድ ላይ የሚነዛው ጥላቻ በጋዜጣና በአደባባይ ይሰበክ ነበር።

ጥቅምት 15 ቀን አንድ መኮንን ድሬይፉስን አስጠርቶ፣ በዝርዝሩ ላይ ያሉትን ነገሮች የሚጠቅስ ደብዳቤ ቃል በቃል እያነበበ አስጻፈው። በመካከሉ አቋርጦ እየተንቀጠቀጥህ ነው አለው፤ ድሬይፉስ ጣቶቼ በርዷቸዋል ብሎ መለሰ። ወዲያው ታሰረ። ቤቱ ሲፈተሽ ምንም አልተገኘም። አልፎንስ በርቲዮን የተባለው የፓሪስ ፖሊስ የወንጀለኞች መለያ ክፍል ኃላፊ ሁለቱን ጽሕፈቶች አነጻጽሮ፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት ድሬይፉስ ሆን ብሎ የራሱን ጽሕፈት አስመስሎ በማጭበርበር ያደረገው ነው ሲል ደመደመ። ልብ በሉ፤ ጽሕፈቱ ቢመሳሰል ጥፋተኛ፣ ባይመሳሰልም ጥፋተኛ ነው። ደራሲው ኤሚል ዞላ ጥር 13 ቀን 1898 «ሎሮር» በተባለው ጋዜጣ ላይ ባወጣው ዝነኛ ግልጽ ደብዳቤ የክስ ጽሑፉን አካሄድ ሲገልጽ፣ ብዙ ቋንቋ ማወቁ ወንጀል፣ በቤቱ ምንም አለመገኘቱ ወንጀል፣ ታታሪ መሆኑ ወንጀል፣ አለመደንገጡ ወንጀል፣ መደንገጡም ወንጀል ሆኗል ብሎ ጻፈ። በማቴዎስ ወንጌል ላይ ስለ ጾመኛውና ስለ በላተኛው የተነገረው እዚህ በወታደራዊ ፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ቃል በቃል ተደግሟል ማለት ይቻላል።

ሰባት ዳኞች በታኅሣሥ ወር 1894 በአንድ ድምፅ ፈረዱበት። ለዳኞቹ ተከሳሹም ጠበቃውም ያላዩት የምሥጢር መዝገብ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ኒቆዲሞስ የጠየቀው «አስቀድሞ ከእርሱ ሳይሰማ» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ለዚህ ነው። ድሬይፉስ ጥር 5 ቀን 1895 በሕዝብ ፊት ማዕረጉ ተገፎ፣ ሰይፉ ተሰብሮ፣ በኋላም በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ወዳለው የሰይጣን ደሴት ተጋዘ። ሲዋረድም ንጹሕ ነኝ እያለ ይጮኽ ነበር። የተሰበሰበው ሰው ግን በእርሱና በአይሁድ ላይ የሞት ጩኸት ያሰማ ነበር። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 7 ላይ እስጢፋኖስን የወገሩት ሰዎች «በታላቅ ድምፅም እየጮኹ ጆሮአቸውን ደፈኑ» ተብሎ የተጻፈው ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም።

በ1896 የስለላ ክፍሉ አዲስ ኃላፊ ሌተና ኮሎኔል ዦርዥ ፒካር ኤስተርሃዚ የሚባል የሌላ መኮንን ጽሕፈት በእጁ ገባና ከዝርዝሩ ጋር ሲያስተያየው አንድ ሆኖ አገኘው። ለአለቆቹ አመለከተ። በኋላ ራሱ እንደመሰከረው፣ ከአለቆቹ አንዱ የሆነው ጄኔራል ጎንስ ያ አይሁዳዊ በደሴቱ ላይ ቢቀር አንተን ምን ይገድሃል ብሎ ጠየቀው። ፒካር ከሥራው ተነሥቶ ወደ ቱኒዚያ ተላከ። ኤስተርሃዚ በጥር ወር 1898 ነጻ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ግን በድሬይፉስ ላይ ዋና ማስረጃ ተደርጎ የቀረበውን ደብዳቤ በመብራት ሲመረምር የነበረ አንድ መኮንን፣ የወረቀቱ መስመሮች ቀለም ከላይና ከመካከል የተለያየ መሆኑን አየ፤ ሁለት ደብዳቤዎች ተቆርጠው የተለጠፉበት ነበር። ያዘጋጀው የዚያው የስለላ ክፍል መኮንን ኮሎኔል ሄንሪ አመነ፤ በማግስቱም በእስር ቤት ራሱን ገደለ።

አእምሮው ያልታወረ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃል ብሎ ይጠብቃል። አላበቃም። የአይሁድ ጠላት የነበሩት ጋዜጦች ሄንሪን ለአገሩ የሞተ ጀግና አደረጉት፤ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀቱንም የአገር ፍቅር ሥራ አሉት። ለመበለቱ ገንዘብ ተዋጣ፤ ካዋጡት መካከልም ካህናት ነበሩበት። በ1899 እንደገና የተሰየመው ወታደራዊ ፍርድ ቤት ድሬይፉስን ለሁለተኛ ጊዜ ጥፋተኛ አለው፤ ወዲያውም ፕሬዚዳንቱ ምሕረት አደረገለት። ፍርዱ ሙሉ በሙሉ የተሻረው ሐምሌ 12 ቀን 1906 ነው። ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ሲቆጠር ወደ አሥራ ሁለት ዓመት ይሆናል።

ይህን ታሪክ ለክርስቲያን አንባቢ የማነሣው ክርስቲያኖች በአብዛኛው ከተሳሳተው ወገን ስለነበሩ ነው። «ላ ክሯ» ማለትም «መስቀል» የተባለው፣ በመነኮሳት የሚዘጋጀው ዕለታዊ ጋዜጣ በ1890 ራሱን በፈረንሳይ ካሉ የካቶሊክ ጋዜጦች ሁሉ በአይሁድ ላይ ጠንካራው ነኝ ብሎ ጽፎ ነበር፤ በድሬይፉስ ጉዳይም ያንኑ አቋም ገፋበት። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1998 ጋዜጣው ራሱ ስሕተቱን በይፋ አምኗል። እነዚያ አዘጋጆች ወንጌልን የማያውቁ ሰዎች አልነበሩም። ቤተ ክርስቲያንን የሚከላከሉ፣ አገራቸውን የሚጠብቁ መስሏቸዋል። ክርስቶስም የሚገድሏችሁ ሁሉ እግዚአብሔርን እንደሚያገለግሉ የሚመስላቸው ሰዓት ይመጣል ብሎ አስቀድሞ ተናግሯል።

በ5ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ለመነኮሳት የጻፈው ዮሐንስ ካሲያን ስለ ቁጣ ሲያስተምር፣ ዓይን ላይ የተደረገው ቅጠል ከወርቅም ይሁን ከእርሳስ ማየትን እኩል ይከለክላል ይላል። ስለ ርካሽ ምክንያት የጠላና ስለ ሃይማኖት፣ ስለ አገር፣ ስለ ተበደለ ወገን የጠላ ሰው ምክንያታቸው ይለያያል፤ አለማየታቸው ግን አንድ ነው። እንዲያውም የወርቁ ቅጠል ይከብዳል እላለሁ፤ የእርሳሱን ቅጠል ማንም አንሣው ሲለው ያነሣዋል፣ ወርቁን ግን አንሣ ማለት እንደ ክህደት ይቆጠራልና።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ፒካርን በተለይ ማየት ይጠቅማል። ፒካር ለአይሁድ ፍቅር የነበረው ሰው አልነበረም፤ የዘመኑ ንቀት በእርሱም ላይ ነበረበት። ድሬይፉስንም አይወደውም ነበር። ይሁን እንጂ ሁለቱን ጽሕፈቶች አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ሲያያቸው ያየውን አላየሁም አላለም፤ ለዚህም ሥራውን አጣ፣ ታሰረም። ይህ ለብዙዎቻችን ተስፋ ነው። ለአንድ ሰው ያለን ስሜት በአንድ ቀን የሚለወጥ አይደለም፤ እንዲለወጥ መጸለይ አለብን፣ ጊዜ ግን ይወስዳል። ስሜቱ እስኪለወጥ ድረስም ቢሆን ስለዚያ ሰው ሐሰት አለመናገር፣ ማስረጃውን አለመደበቅ፣ ሲበደል በደሉን በስሙ መጥራት ይቻላል።

የሙሴ ሕግ ከዚህ ይነሣል። በዘጸአት ምዕራፍ 23 ላይ የጠላትህን በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት፤ የሚጠላህን ሰው አህያ ከሸክሙ በታች ወድቆ ብታይ አትለፈው፣ ከእርሱ ጋር ሆነህ አንሣው ይላል። ሕጉ በመጀመሪያ ውደደው አላለም። አህያውን አንሣ ነው ያለው። ይህ ትእዛዝ የተጻፈበት ቦታም ሊስተዋል ይገባል፤ ከፊቱ ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል፣ ፍርድ ለማጣመም ብዙ ሰዎችን አትከተል የሚል፣ ከኋላውም በሙግት ጊዜ የድሀውን ፍርድ አታጥምም የሚል ትእዛዝ አለ። ስለ ጠላት አህያ የተነገረው ስለ ፍርድ ቤት በተነገረው መካከል ገብቶ ተቀምጧል። ሰው ከጠላቱ ጋር ጎን ለጎን ቆሞ አንድ አህያ ሲያነሣ፣ ጠላቱ እንደ እርሱ የሚደክም፣ የሚያልበው፣ ንብረቱ የሚያሳዝነው ሰው መሆኑን ያያል። ጥላቻ የሚኖረው ይህን ባለማየት ነው።

ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ደግሞ ይህንኑ በሌላ ቅደም ተከተል ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያ ለድሀ አታድላ፣ ባለጠጋውንም አታክብር፣ በባልንጀራህ ላይ በጽድቅ ፍረድ ይላል። ቀጥሎ ወንድምህን በልብህ አትጥላው፣ ገሥጸው ይላል። ከዚያ አትበቀል፣ ቂም አትያዝ፣ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ይላል። ጌታ ከታላላቆቹ ትእዛዛት አንዱ ያደረገው ቃል የተወሰደው ከዚህ ስፍራ ነው። በእኔ ግምት ከሁሉ የሚበልጠው «ገሥጸው» የሚለው ነው። ቂም የያዘ ሰው ለሁሉም ይናገራል እንጂ ለሰውዬው አይናገርም፤ ለሰውዬው ቢናገር መልስ ሊሰማ ነውና። ክርስቶስም በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ወንድምህ ቢበድልህ አስቀድመህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ጥፋቱን ንገረው፣ ካልሰማህ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘህ ሂድ፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ብሎ ያዘዘው ቅደም ተከተል አለው። ዛሬ ብዙ ጊዜ የምናደርገው ከመጨረሻው መጀመር ነው፤ ያውም ለቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ለማናውቃቸው ብዙ ሺህ ሰዎች።

እዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ክፉን መጥላት ክርስቲያናዊ አይደለምን? ነው። ጳውሎስ ክፉውን ነገር ተጸየፉት ይላል። ግድያን፣ ዘረፋን፣ ሴት መድፈርን የማይጠላ ሰው ፍርዱ ትክክል ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ክፉውን ነገር የሚጠላ ሰው ነገሩን የትም ቢያየው ይጠላዋል፤ የራሱ ወገን ሲያደርገውም ይጠላዋል። ያንኑ ድርጊት እዚያ ሲሆን ጭካኔ፣ እዚህ ሲሆን አስገዳጅ ሁኔታ ብሎ የሚጠራ ሰው ግን የሚጠላው ድርጊቱን አይደለም። የተጎዱ ሰዎች ይቅር በሉ ሲባሉ የሚሰማቸውን ቅሬታም አውቃለሁ። ይቅርታ ፍርድን አያስቀርም፤ ገዳይ በሕግ እንዲጠየቅ መፈለግ ቂም አይደለም። እንዲያውም የተበደለ ሰው ፍትሕ የሚያገኘው እውነተኛው ጥፋተኛ ሲያዝ ነው፤ ድሬይፉስ በደሴቱ ላይ ሲማቅቅ የፈረንሳይን ምሥጢር የሸጠው ሰው በፓሪስ ጎዳና ላይ ይሄድ ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ፍቅርስ አያሳውርምን? የሚል ነው። አድልዎ ያሳውራል። ካህኑ ዔሊ ልጆቹ በቤተ መቅደሱ የሚያደርጉትን እያወቀ አለመከልከሉ ለእርሱም ለእነርሱም ጥፋት ሆኗል። ጳውሎስ ስለ ፍቅር ሲጽፍ ግን «ከእውነት ጋር ደስ ይለዋል እንጂ ስለ ዓመፃ ደስ አይለውም» ይላል። ልጁን የሚወድ አባት የልጁን በሽታ ከሐኪም አይደብቅም። ጠላትን መውደድም በዚህ መንገድ የሚታይ ነው፤ ስለ ጠላት ክፉ ወሬ ስንሰማ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ደስ ይለናል ወይ? ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ወሬው ሐሰት መሆኑ ሲነገረን ቅር የሚለን ከሆነ፣ ስንመኝ የነበረው ያ ክፉ ነገር መፈጸሙን ነበር።

በአገራችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። በቅዳሴያችንም ዲያቆኑ ሕዝቡ እርስ በርሱ ሰላምታ እንዲሰጣጥ የሚያዝዘው ቅዱስ ቁርባን ከመቀበሉ አስቀድሞ ነው፤ ጌታም መባህን በመሠዊያው ላይ ስታቀርብ ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ መባህን ትተህ ሄደህ ታረቅ ብሏል። አጠገባችን ላለው ሰው ራሳችንን ዝቅ አድርገን ሰላምታ ስንሰጥ፣ ከበር ውጭ ስለተውነው ሰው የምናስበው ካልተለወጠ ሥርዓቱ ሳይፈጸም ቀርቷል። ያዕቆብ «ሰው ሁሉ ለመስማት የፈጠነ ለመናገርም የዘገየ ለቁጣም የዘገየ ይሁን» ካለ በኋላ «የሰው ቁጣ የእግዚአብሔርን ጽድቅ አይሠራምና» ሲል ምክንያቱን ይሰጣል። ስለምንጠላው ወገን ክፉ የሚናገር አሰቃቂ ፎቶ በስልክ ሲደርሰን የመጀመሪያው ስሜት ለሌላው ማስተላለፍ ነው። ፎቶው የት፣ መቼ ተነሣ? ቀድሞስ በሌላ አገር በሌላ ታሪክ ስም ወጥቶ ያውቃል ወይ? ብሎ ማየት ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ያችን ጥቂት ደቂቃ የማንሰጠው ለማን እንደሆነ ማየት ራሱ ስለ ልባችን ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ራሳችን ወገን ክፉ የሚናገር ፎቶ ሲመጣማ ምርመራውን ማንም ሳያዝዘን እናደርገዋለን።

ለሚጠሉት ሰው በስሙ መጸለይም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ክርስቶስ ስለሚያሳድዱአችሁ ጸልዩ ያለው ለእነርሱ ብቻ ሲል አይመስለኝም። በየቀኑ በእግዚአብሔር ፊት ስሙን የምንጠራውን ሰው እንደ አንድ የጅምላ ወገን አድርጎ ማሰብ እየከበደን ይሄዳል፤ ሚስቱ፣ የታመመች እናቱ፣ የልጁ ትምህርት ቀስ በቀስ በጸሎቱ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ግን ወራትም ዓመታትም ሊፈጅ ይችላል። በዚያ መካከል ሥራችን ስለዚያ ሰው መወሰን ሲሆን፣ ለምሳሌ የዕድር ዳኛ ሆነን ጉዳዩ ሲመጣብን፣ በመሥሪያ ቤት የዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ስሙ ሲቀርብልን፣ በሰንበት ጉባኤ ጥፋቱ እንዲመረመር ስንጠየቅ፣ «በእርሱ ላይ ቂም አለብኝ፣ ሌላ ሰው ይየው» ብሎ መነሣት አለ። የመንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ ከባለጉዳዩ ጋር ጠብ ቢኖረው ከችሎት እንዲነሣ ይጠበቅበታል። በንስሐ ልጅና በንስሐ አባት መካከል የተነገረውን ቂም በጉባኤ ማውጣት አያስፈልግም፤ ምክንያቱን ሳይዘረዝሩ ከዚያ ወንበር መነሣት ይበቃል።